ልጁ ዶክተር ሆነ፤ ቀጥሎስ?



በመካከላችን ወንድማቸውን፣ እኅታቸውን ወይም ልጃቸውን ሕክምና ያስተማሩ፣ ወይም በማስተማር ላይ ያሉ እኅቶች ጥቂቶች አይደሉም። እሑድ ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ የምንሰማው ወሬ ብዙውን ጊዜ ስለዚሁ ነው። «የእኔ ታናሽ አራተኛ ዓመት ደረሰ»፣ «የእኔዋ ኢንተርን ሆነች»፣ «እንግዲህ አንድ ዓመት ብቻ ቀረኝ»። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ብዙዎቻችን የምረቃውን ቀን የስደታችን መጨረሻ አድርገን ቆጥረነዋል። ልጁ ነጭ ጋውን በለበሰ ማግሥት የቤተሰቡን ሸክም ይረከባል፣ እኛም ሻንጣችንን አስረን እንገባለን ብለን ተስፋ አድርገናል።

ታዲያ የተመረቁት ዛሬ የት ደረሱ? ሥራቸው እንዴት ነው? ቤተሰቡስ? ያስተማረቻቸው እኅትስ ገባች ወይስ አልገባችም? ይህን ለማወቅ ሦስት እኅቶችን አነጋግረናል። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን አልጻፍነውም፤ የተመራቂዎቹንም የሥራ ቦታ ለይተን አልገለጽንም። የነገሩን ግን ለሁላችን የሚጠቅም ስለሆነ እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ሐኪሞቻችን ከየት መጡ?

በመጀመሪያ ጥቂት ስለ ታሪኩ እንበል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም ተብለው የሚታወቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላው ጦርነት በኋላ፣ ገና ሕፃን ሳሉ፣ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው። እዚያው አድገው፣ ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ በምትገኘው ላሆር ከተማ ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ። አገራቸው ተመልሰው ዘመዶቻቸውን ለማግኘት የበቁት ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ሐኪማችን ራሳቸው በሰው አገር ያደጉ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

ከእርሳቸው በኋላም ለረጅም ጊዜ ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። ተማሪዎቻችን ከሄዱባቸው ቦታዎች አንዱ የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በቤይሩት የምትኖሩ እኅቶች ሐምራ አካባቢ ስታልፉ አጥሩን የምታዩት ማለት ነው። በአገራችን ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ በ1964 ተቋቋመ። ጎንደርም በ1978 ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጅማ፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያና ሌሎችም ተጨመሩ። በኋላም መንግሥት የሐኪሞችን ቁጥር በፍጥነት ለመጨመር ስለፈለገ በ2004 ዓ.ም. ብቻ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሥራ ጀመሩ። የግል የሕክምና ኮሌጆችም ተከፈቱ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። የገበሬው ልጅ፣ የሰው ቤት ሠራተኛዋ እኅት ወንድም ሐኪም ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሴቶችም በርትተዋል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቁት ዶ/ር ሊያ ታደሰ ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል፤ የተኳቸውም ዶ/ር መቅደስ ዳባ ሴት ሐኪም ናቸው። ነገር ግን የተመራቂው ቁጥር ሲጨምር የመንግሥት ሆስፒታሎች የመቅጠሪያ በጀት አብሮ አልጨመረም። ከዚህ በታች ለምታነቡት ታሪክ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መንገዱ ስንት ዓመት ነው?

ብዙ ቤተሰብ ይህን ተቀምጦ አያሰላም፤ እኛ እናስላው።

አንድ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ሕክምና ሲገባ ኢንተርንነቱን ጨምሮ ስድስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይማራል። ኢንተርን ማለት በመጨረሻው ዓመት በሆስፒታል ውስጥ ቀንና ሌሊት እየሠራ የሚለማመድ ተማሪ ነው። ቀጥሎ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት ብሔራዊ ፈተና ይፈተናል። ካለፈና ሥራ ካገኘ «ጠቅላላ ሐኪም» ተብሎ ይሠራል። ስፔሻሊስት መሆን ከፈለገ ደግሞ ጥቂት ዓመት አገልግሎ፣ ተወዳድሮ ሬዚደንት ይሆናል። ለውስጥ ደዌና ለሕፃናት ሕክምና ሦስት ዓመት፣ ለማኅፀንና ጽንስ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያም የሚረዝም አለ።

አሁን አንዲት እኅት በ20 ዓመቷ ከአገር ስትወጣ ወንድሟ 15 ዓመቱ፣ 9ኛ ክፍል ጀማሪ ነበር እንበል። 12ኛን ሲጨርስ እርስዋ 24 ዓመት ይሆናታል። ዶክተር ተብሎ ሲመረቅ 30 ወይም 31 ትሞላለች። ሁለት ዓመት ሲያገለግል 33 ትደርሳለች። ስፔሻሊስት እስኪሆን ከጠበቀች ደግሞ 37 ዓመቷ ነው። ይህ ሁሉ ልጁ አንድም ጊዜ ሳይወድቅ፣ ዩኒቨርሲቲው አንድም ቀን ሳይዘጋ ነው። በኮሮና ወረርሽኝና በአገራችን በነበረው ጦርነት ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ደግሞ ከዚህም በላይ ቆይተዋል።

ሒሳቡ ይህ ከሆነ፣ «ሲመረቅ እገባለሁ» ማለትና «ሲደላደል እገባለሁ» ማለት የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ልብ እንበል። በሁለቱ መካከል የአንዲት ሴት የወጣትነት ዕድሜ አለ።

የመጀመሪያዋ እኅት፦ «መቼ ነው እኔ የምገባው?»

ይህች እኅታችን በቤይሩት 13 ዓመት ኖራለች። ወንድሟ የተማረው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። እንደሚታወቀው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምግብና መኝታ አለ፤ ክፍያውም በወጪ መጋራት፣ ልጆቹ «ኮስት ሼሪንግ» በሚሉት፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚቆረጥ ነው። «ታዲያ ምን ትልኪለት ነበር?» ብለን ጠየቅናት።

«ሁሉንም ነዋ!» አለችን እየሳቀች። «ላፕቶፑን፣ መጻሕፍቱን፣ ጫማውን፣ ጋውኑን፣ ልብ ማዳመጫውን፣ የክረምት ትራንስፖርቱን። ኢንተርን ሲሆን ደግሞ ሌሊት ያድራል፣ የግቢው ምግብ ያመልጠዋል፣ ውጭ ይበላል። በዚያ ላይ እናታችን ስኳር አለባት። የእርስዋም መድኃኒት፣ የትንሹም ወንድማችን ትምህርት በእኔው ላይ ነው።»

ወንድሟ ተመርቆ ከከተማ ርቆ በሚገኝ የወረዳ ሆስፒታል ሥራ ያዘ። ሐኪሞቹ ጥቂቶች ስለሆኑ አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያድራል፣ አንድ ሌሊት ይተኛል። ምጥ የያዛት፣ በጥይት የተመታ፣ ወባ የጣለው ሕፃን ሁሉም ወደ እርሱ ይመጣል። «ስልክ ስደውልለት እየተኛ ነው የሚያወራኝ» ትላለች። ደመወዙ ግን የቤት ኪራይና ቀለብ ከሸፈነ በኋላ የሚተርፍ አልነበረም። ስለዚህ እርስዋ «አንድ ዓመት» ብላ የቆየችው አራት ዓመት ሆነ።

«አንድ ቀን በጣም ከፋኝ» አለችን። «ማዳም ስትጮህብኝ ውላ ማታ ደወልኩለት። ‘አንተ ዶክተር ሆነሃል፤ መቼ ነው እኔ የምገባው?’ አልኩት። ዝም አለኝ። እኔም ስልኩን ዘጋሁት። ለሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም።»

ዝምታውን የሰበረው እርሱ ነበር። ገቢውንና ወጪውን በወረቀት ላይ ጽፎ፣ ፎቶ አንሥቶ ላከላት። የሚቆረጥበትን ግብር፣ የወጪ መጋራቱን፣ ኪራዩን፣ ሁሉንም። «ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እየዋሸኝ አልነበረም። እኔ ዶክተር ሲባል ሀብታም መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ላለመናገር አፍሮ ነበር።» ከዚያ በኋላ በስልክ ተስማሙ። የእናታቸውን መድኃኒት ከዚያ ወር ጀምሮ ወንድሟ ተረከበ። የትንሹ ወንድማቸው ወጪ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በእርስዋ ላይ ሆኖ ከዚያ በኋላ በእርሱ ላይ ይሆናል። የቀረውን ደመወዟን በራሷ ስም ታስቀምጣለች። የመግቢያዋም ቀን ተወሰነ፤ ውሏ ሲያልቅ ነው። «ቀኑ ትንሽ ሩቅ ነው» ትላለች፣ «ግን ቀን ነው። ድሮ ቀን አልነበረውም።»

ሁለተኛዋ እኅት፦ በሠርጉ ላይ የተነገረው

ሁለተኛዋ እኅታችን የምትኖረው በባሕረ ሰላጤው አገር ነው። ታናሽ እኅቷ ተመርቃ፣ አገልግላ፣ አሁን የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት ናት። አብሯት ከተማረ ሐኪም ጋር ባለፈው ዓመት ተጋባች። እኅታችን ግን በሠርጉ አልተገኘችም፤ ፈቃድ ብትጠይቅም አሠሪዎቿ «ረመዳን ሲያልፍ» አሏት፤ ረመዳን ሲያልፍ ደግሞ ሠርጉ አልፎ ነበር። ያየችው በስልክ ነው፤ ያውም ኩሽና ቆማ፣ ድምፁን ቀንሳ።

የከፋት ግን መቅረቷ ብቻ አይደለም። የሙሽራው ዘመዶች ስለ ሙሽሪት ታላቅ እኅት ሲጠይቁ አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ «ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው» ብለው መለሱ። ይህን የሰማችው ከአክስቷ ነው። «ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ» ትላለች። «ክብር የሰጡኝ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ዐሥር ዓመት የጠረግሁት ወለል ጠፋብኝ። እንዳልነበረ ሆነ።»

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሙሽራዋ ራሷ ይህን ሰምታ ኖሮ፣ በመልሱ ዕለት ምርቃት ሲደረግ ተነሥታ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። በሁለቱም ቤተሰብ ፊት «ታላቅ እኅቴ በሰው ቤት ሠርታ ነው ያስተማረችኝ፤ እናቴ ወለደችኝ፣ እርስዋ ደግሞ ዶክተር አደረገችኝ» አለች። የሙሽራው እናት አለቀሱ። እርሳቸውም በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በሰው ቤት ተቀጥረው እንደነበር ለልጆቻቸው ነግረው የማያውቁትን ያን ዕለት ተናገሩ።

እኅታችን ይህን ስትነግረን ረጋ ብላ ነው። «ገንዘቡን መልሺልኝ ብያት አላውቅም፤ አልልምም። ያን ቃል ግን ዕዳ ነበረብኝ ማለት ይቻላል፤ ከፈለችኝ።»

ሦስተኛዋ እኅት፦ ሥራ ያጣው ዶክተር

ሦስተኛዋ እኅታችን ከዐረብ አገር በ2016 ዓ.ም. ተመልሳ በአገር ቤት እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች ታቀርባለች። ያነጋገርናት በስልክ ነው።

ቀድሞ የተመረቀ ሐኪም ሁሉ በጤና ሚኒስቴር ዕጣ እያወጣ ይመደብ ነበር። ሩቅ ቢደርሰውም ሥራ ማጣት የሚባል ነገር አይታሰብም። በቅርብ ዓመታት ግን ተመርቀው፣ ፈተናውን አልፈው፣ ሥራ ሳያገኙ የሚቆዩ ሐኪሞች ታይተዋል። የዚህች እኅት ወንድም አንዱ ነው። ለ14 ወራት ሥራ ፈልጎ አጣ። «ጎረቤቱ ‘ዶክተር’ እያለ ይጠራዋል፤ እርሱ ግን የትራንስፖርት ብር ከእኔ ነው የሚቀበለው» ትላለች። «ከቤት መውጣት ጠላ። እናቴ ‘ልጄን ምን አስነካብኝ’ እያለች ጠበል ልትወስደው ነበር። እርሱ ግን የታመመው በሥራ ማጣት ነው።»

በመጨረሻ በአንድ የግል ክሊኒክ ጥቂት ከሠራ በኋላ እንደ ሌሎች ብዙ ሐኪሞቻችን ወደ ሐርጌሳ ሄደ። አሁን ደግሞ ወደ ሳዑዲ ለመሄድ «ፕሮሜትሪክ» ለሚባለው ፈተና እያጠና ነው። «እኔ ከዐረብ አገር ስመለስ እርሱ ሊሄድ ነው» ብላ ሳቀች። «እኔ የገባሁበትን በር ግን አይገባበትም፤ እርሱ በሙያው ነው የሚሄደው። ፓስፖርቱን ማንም አይነጥቀውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

እርስዋስ እንዴት መግባት ቻለች? መልሷ አጭር ነው፦ «ከላክሁት ሁሉ ከአራት አንዱን ለራሴ አስቀምጥ ነበር። ለማንም አልነገርሁም። እርሱ ሥራ ቢያጣም የእኔ ምጣድ አልጠፋም።»

ለምን ዶክተሩ ገንዘብ የለውም?

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁ። ፊልም ላይ የምናየው ዶክተርና በወረዳ ሆስፒታል የሚሠራው ዶክተር ኑሯቸው አይገናኝም። ሐኪሞቻችን የደመወዛቸውን ነገር ሲያነሡ ቆይተዋል። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞችና ተማሪዎች በበርካታ ከተሞች ሰልፍ ወጥተው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ኑሮም ከዚያ ጋር ተወደደ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ በዚህም የታሰሩ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የአንድ ጀማሪ ጠቅላላ ሐኪም የመንግሥት ደመወዝ በዶላር ሲመነዘር 100 አይሞላም ነበር።

ይህን ከራሳችን ጋር እናስተያየው። በሳዑዲ 1,000 ሪያል የሚከፈላት እኅት በዶላር 266 ያህል ታገኛለች። እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. ወለል የምትጠርገው እኅት ሕይወት ከሚያድነው ወንድሟ በላይ በገንዘብ ታገኝ ነበር። ይህ የእርሱ ስንፍና አይደለም፤ የእርስዋም ሀብት አይደለም። ነገር ግን ይህን ያላወቀች እኅት ወንድሟን «ካደኝ» ትላለች፤ ይህን ያልተረዳ ወንድም ደግሞ እኅቱ ሁልጊዜ ያላት ይመስለዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚቀያየመው በዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

ወንጌሉን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደነበረ ቅዱስ ጳውሎስ ይነግረናል። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባው የተናገረውን ምሳሌ የምናገኘው በዚሁ በሉቃስ ወንጌል ነው። ልጅን ሐኪም ማድረግ ግንብ እንደ መሥራት ነው። ስለዚህ ካነጋገርናቸው እኅቶች የተማርነውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ዓመቱን በወረቀት አስሉ። ልጁ አሁን ስንተኛ ዓመት ነው? ሲመረቅ እናንተ ስንት ዓመት ይሆናችኋል? «እስከ ምረቃ» ነው ወይስ «እስከ ስፔሻሊቲ» የምትረዱት? ይህን ዛሬውኑ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ። ሬዚደንት ብዙውን ጊዜ ከላከው መሥሪያ ቤት ደመወዝ እንደሚያገኝም ዕወቁ፤ እንደ ተማሪ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ሸክም መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ ለራሳችሁ ድርሻ አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ደመወዝ ትንሽም ብትሆን በራሳችሁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ትግባ። ቤት ወይም ቦታ ከተገዛ ሰነዱ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። ውክልና ስትሰጡ ለምን ጉዳይ እንደሆነ ለይታችሁ ስጡ። ይህ ቤተሰብን አለማመን አይደለም። ሦስተኛዋ እኅታችን ወንድሟ ሥራ ባጣ ጊዜ ሁለቱም ያልወደቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ ተመራቂውን «መልስልኝ» ከማለት «ይህን አንድ ነገር ተረከበኝ» በሉት። የእናት መድኃኒት፣ የአንድ ልጅ ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። ሁሉን በአንድ ቀን ሊሸከም አይችልም፤ አንዱን ግን ይችላል። አንዱን የያዘ ሁለተኛውንም ይለምዳል።

አራተኛ፣ ሕልሙ የልጁም መሆኑን ጠይቁ። ሕክምና ደም ማየት፣ ሌሊት ማደር፣ ሰው ሲሞት ቆሞ ማየት አለበት። ነርስነት፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ፣ አዋላጅነትም የተከበሩ ሙያዎች ናቸው፤ ጊዜያቸውም ያነሰ ነው። «ዶክተር» የሚለውን ስም ለመስማት ብለን ልጁን አናስገድደው።

አምስተኛ፣ ሥራችሁን አትደብቁ፤ ሌላውም እንዲደብቅላችሁ አትፍቀዱ። በላባችሁ የተገኘ እንጀራ አያሳፍርም። ሙሽራዋ በመልሱ ዕለት እንደተናገረችው፣ ጋውኑ ላይ የእናንተም እጅ አለበት።

ስድስተኛ፣ ዶክተር ወንድም አለኝ ብላችሁ ሕመማችሁን በስልክ ብቻ አታሳልፉ። ሐኪም ካልዳሰሰ፣ ካላዳመጠ፣ ደም ካልመረመረ የሚያውቀው ትንሽ ነው። ወገባችሁን፣ ኩላሊታችሁን፣ የደም ግፊታችሁን ባላችሁበት አገር ታዩ፤ ውጤቱን ለእርሱ ላኩለት፣ ያስረዳችኋል። ብቻችሁን ወደ ክሊኒክ መሄድ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ለቤተ ክርስቲያናችን የእኅቶች ኅብረት ንገሩ፤ አብራችሁ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል።

ለተመራቂዎችም አንድ ቃል

ይህን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ለተመራቂው ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ላኩት። ለእናንተም፣ ውድ ሐኪሞቻችን፣ የምንለው አለን። ደመወዛችሁ ትንሽ መሆኑን ዐውቀናል፤ ገንዘብ ስለሌላችሁ አትሸሹ። እኅታችሁን የሚያሳዝናት ያልላካችሁት ብር ሳይሆን ያልመለሳችሁት ስልክ ነው። ገቢያችሁን በግልጽ ንገሯት። «ደህና ነሽ?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ትገቢያለሽ? ስትገቢ ምን ልትሠሪ አስበሻል?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ይህን የሚጠይቃት ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል። በሆስፒታላችሁም ከዐረብ አገር ተመልሳ፣ አካሏ ወይም አእምሮዋ ተጎድቶ የምትመጣ እኅት ስታዩ፣ የእናንተም እኅት በዚያው መንገድ ላይ እንዳለች አስቡ፤ በትዕግሥት አስተናግዷት።

እኅቶቻችን ሆይ፣ እናንተ ያስተማራችኋቸው ልጆች ዛሬ በየወረዳው ሌሊት ቆመው እናቶችን ያዋልዳሉ፣ ሕፃናትን ያድናሉ። ይህ ሥራ በእግዚአብሔር ፊት የእናንተም ነው። እንግዲህ የእነርሱን የምረቃ ቀን በጉጉት እንደ ጠበቃችሁ፣ የራሳችሁንም የመግቢያ ቀን ወስናችሁ ጻፉት፤ ለቤተሰባችሁም አስታውቁ። ያስተማራችሁት ወንድም፣ እኅት ወይም ልጅ ካላችሁ ታሪካችሁን ለዝግጅት ክፍላችን በቃልም በጽሑፍም ብትነግሩን ለሌሎች ትምህርት ይሆናል።

እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ፤ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።